የጋሽ ጀቤሳ እንግሊዝኛ

ሰኔ መግቢያ ላይ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ሽሮ ሜዳ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ጎረቤቴ ጋሽ ጀቤሳም እዚያው ቆመው ነበር። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሹፌርነት አሳልፈው አሁን ቁስቋም ካለው ቤታቸው ብዙም የማይርቁ ሰው ናቸው። ትንሿ ልጃቸው ለሊሴ ተማሪዬ ናት። ከቅዳሜው የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ከቀረች ስለሰነበተች ምክንያቱን ጠየቅኋቸው።

«ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ እናቷን ነጠላ መሸጡን ታግዛት» አሉኝ። «ቤት ስትገባ ሥራዋ መሸምደድ ብቻ ሆነ። ጎ፣ ዌንት፤ ሲ፣ ሶው። አንዱን ነገር በሁለት ቃል መማር ትርፉ ምንድን ነው ስብሐት?»

«አንዱ ለዛሬ፣ ሌላው ላለፈው ነው ጋሽ ጀቤሳ። ደንብ የማይከተሉትን ግሶች ደግሞ አንድ በአንድ ከመያዝ በቀር መንገድ የለም።»

«ቋንቋው ራሱ ደንቡን ካላከበረ እኛ ምን አስጨነቀን?»

«የእኛስ መቼ ያከብራል? ቤት ላለች ሴት ‹አለች› እንላለን፤ የትናንት ከሆነ ግን ‹ነበረች› ነው። ሁለቱ ቃላት ምናቸው ይመሳሰላል? እኛ ከሕፃንነታችን ስለለመድነው ነው እንጂ ለባዕድ ይህም ጭንቅ ነው።»

ፈገግ አሉ። ክርክር ይወዳሉ፤ የተረቱ ሲመስላቸው ከራሳቸው ኑሮ ማስረጃ ያመጣሉ።

«እኔ ስቶፕ፣ ሌፍት፣ ራይት እያልኩ አሰብ ድረስ ነድቻለሁ። ያቺው እንግሊዝኛዬ መቼ ጎደለችብኝ? በፋሲካ ሰሞን የሀሌሉያ እመቤት ከቤይሩት ስትደውል ያነጋገርኳት እኔ አይደለሁም?»

ሀሌሉያ ታላቋ ልጃቸው ናት፤ ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች።

«ምን አለችዎት?»

«‹ሀሌሉያ ሌፍት፤ ሌፍት ዘ ሀውስ› አለችኝ። ሌፍት ግራ፣ ሀውስ ቤት። በግራ በኩል ወዳለው ቤት አዛውረዋታል ማለት ነው፤ ዘመዶቻቸው ይሆናሉ። ልጄ ራሷ ያልደወለችውም አዲሷ እመቤት ስልክ ከልክላት ነው ብዬ እናቷን አረጋጋሁ።»



«ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን ሰምታችኋል?»

«አልሰማንም። ምነው?»

«ጋሽ ጀቤሳ፣ ሌፍት ግራ ብቻ አይደለም። ሊቭ ማለት መሄድ፣ ለቆ መውጣት ነው፤ ያለፈ ሲሆን እሱም ሌፍት ይባላል። ሴትዮዋ የነገረችዎት ሀሌሉያ ቤቱን ለቃ እንደሄደች ነው።»

 «ወዴት?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ የማውቅ ይመስል።

ቤታቸው ገብተን ወደ እመቤቲቱ ብንደውል ቁጥሩ አይሠራም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለምነሽ ነገሩን ሲሰሙ አልጮኹም፤ «አረጋጋኸኝ እኮ» ብቻ አሏቸው። በማግስቱ በውጭ አገር የሚሠሩ ዜጎችን ጉዳይ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድን። የተቀበለን ሠራተኛ ሰው አክባሪ ነበር። «ያኔውኑ ብታመለክቱ ጎረቤቱም፣ ሆስፒታሉም ይጠየቅ ነበር። አሁን ከየት እንጀምር?» አለን። 

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ትምህርት የፈተና ጣጣ አድርገን እናየዋለን። ልጆቻችን የሚኖሩበት ቤት ወሬ የሚደርሰን ግን በዚሁ ቋንቋ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለሊሴ መጣች። አባቷም አብረው ገብተው ከልጆቹ ኋላ ተቀመጡ። ማንም አልሳቀባቸውም።

ሐምሌ ውስጥ ስደተኛ ሴቶችን ከሚረዳ ማኅበር አንዲት ሴት ቁጥሩን ከቢሮው አግኝታ ከቤይሩት ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ለሊሴ ነበረች፤ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። ጋሽ ጀቤሳ «ሶው» የሚለውን ቃል ሰምተው የልጃቸውን ክንድ ያዙ።

«አየቻት ነው አይደል? ያለፈ ነው?»

«ያለፈ ነው አባዬ። ሚያዝያ ላይ አይታት ነበር፤ ታማ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጣ። ምግብ ይዛላት ስትመለስ አላገኘቻትም።»

«የቤተ ክርስቲያኑን ስም ጠይቂያት።»

ለሊሴ ጠይቃ ነገረቻቸው፤ ስሙን ይዘን ወደዚያው ቢሮ ሄድን። ፍለጋው መነሻ አገኘ፤ ሌላ ያገኘነው ነገር የለም። እስካሁንም ወሬዋ አልተሰማም፤ እኔም ይሰማል ብዬ ላጽናናቸው አልደፈርኩም።

ነሐሴ ላይ በእድር ስብሰባ አንድ ጎረቤታችን ልጁ ወደ ዱባይ ልትሄድ መሆኑን ተናገረ። ሰዉ እየመረቀ ሳለ ጋሽ ጀቤሳ ተነሡ።

«ቋንቋ ተምራ ትሂድ» አሉ። «የተበደለች ቀን ምን እንዳደረጓት ለመናገር፣ ወዴት እንደሄደች ለማስታወቅ ይጠቅማታል። አንተም ተማር። የቅዳሜው ክፍል ቦታ አለው፤ እኔ አጠገብ ትቀመጣለህ። እሷ ትሄዳለች፤ ስልኩን የምታነሳው አንተ ነህ።»