ዳቦ ገዢያችንን ስንሸኝ

አሰላሙ አለይኩም። ቀረብ ቀረብ በሉ፤ ዛሬ ጮክ ብዬ አልናገርም። ነጅማ፣ እስቲ መጋረጃውን ሳቢልኝ። ጭብጨባም አይኖርም፤ ንግግሬ ደስ ያለው ራሱን ይነቅንቅልኝ።

ጋሽ ሐሚድን ዛሬ ጡረታ እናወጣቸዋለን። አበል የለ፣ ሽልማት የለ። አሠሪያችን ከፊሉ መግሰላውን፣ ልብስ ማጠቢያ ቤቱን ዘግቶ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛቸውን፣ ኹሩጃቸውን አስመትቶላቸዋል። ጡረታቸው ይኸው ነው።

እዚህ ቤት ሥራ የገቡ ዕለት እኔ አልነበርኩም፤ ቃሲም ነው የነገረኝ። ከፊሉ "ልብስ መተኮስ ትችላለህ?" ሲላቸው "ከልጅነቴ ጀምሮ!" አሉ አሉ። ያኔ አገራቸው ወረባቦ ውስጥ ካውያ የነበረው ሰው ማን እንደሆነ አላህ ይወቀው። ካውያውን ጫን ሲያደርጉት እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ ፉሽ አለ። "አዑዙ ቢላህ" ብለው የደንበኛውን ረጅም ቀሚስ፣ ቶቡን እንደያዙ ወደ መንገድ ፈረጠጡ። ከፊሉ ሌባ መስሎት ከኋላ፣ እሳቸው ጂን የተከተላቸው መስሏቸው ከፊት፤ ሰፈራችንን ዛሂርን ሲዞሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ አያቸው። ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይሳቁ እንጂ፤ የእርስዎ ሳቅ መንገድ ድረስ ይሰማል።

የዝናቡን ነገርማ ታውቁታላችሁ። ማናችንም አገር ቤት ስንደውል ስልኩን ከእጃችን ነጥቀው "ዘነበ ወይ?" ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ሀፍሳ አንድ ቀን ተናደው "ስለ እኔም ጠይቅ እንጂ" ቢሏቸው፣ "አንቺማ እየተቆጣሽ ነው፣ ደህና ነሽ ማለት ነው" ብለው መለሱ። ጭቃ ናፈቀኝ የሚል ሰው በዕድሜዬ ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

ነጅማን ደግሞ የናፈቃት ጭቅጭቅ ነው። ከጅዳ፣ ሳፋ ሰፈር ካለው ከአሠሪዋ ከማዳሟ ቤት ጠፍታ ባሏ ቃሲም ጋ የመጣች ሰሞን፣ "ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ላይ፣ ዶሮሽ ጎመኔን ፈጀችው መባባል አማረኝ" ስትል ሳቅንባት። ጋሼ ብቻ አልሳቁም። "ማዳሟ ያዘዘቻት እንጂ የተጣላቻት ቀን የለም። እንደ ሰው ቆጥሮ የሚጣላት ነው የናፈቃት" አሉን።

እኔን የናፈቀኝ መንገድ ላይ መቆም ነው። አገር ቤት የሚያስቆምህ ሽማግሌ "የማን ልጅ ነህ?" ይልሃል። አባትህን ጠርቶ፣ አያትህን ጠርቶ፣ የበሬያችሁን ጤንነት ጠይቆ ነው የሚለቅህ። እዚህ የሚያስቆምህ ፖሊስ "ኢቃማ" ብሎ የመኖሪያ ፈቃድህን ብቻ ነው የሚጠይቅህ። ኻላስ፣ ሌላ ወሬ የለም።

ቆይ። ዝም በሉ።

የጀዋዛት፣ የኢሚግሬሽን ፖሊስ መኪና ናት። ማንም ወደ መስኮቱ እንዳይጠጋ።

ወደ ዑተይቢያ ሰፈር ታጠፈች። አልሐምዱሊላህ። ቃሲም፣ የነጅማን እጅ ልቀቃት፣ ልትሰብራት ነው።

በሉ ቀልዱን እዚህ ላይ ልተወው። ጋሼ፣ ከዚህ ወዲህ ለእርስዎ ነው የምናገረው።

ወረቀት ለሌለው ሰው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ካለቀ ጀምሮ ደጅ ወጥቶ የሚመለሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ወረቀት ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎትና። ዳቦውም፣ ውሃውም፣ የነጅማ መድኃኒትም በእርስዎ እግር ነው የመጣው። አብሮን ይኖር የነበረውን ሐምዛን ጀዋዛቶች በሩ ላይ ሲይዙት ዳቦውን እንዳቀፉ መሀል ገብተው "ልጄ ነው፣ ተዉልኝ" ብለው ለመኑ። አልሰሙዎትም፤ ተርሒል፣ ወደ አገር የሚመልሱበት እስር ቤት አስገቡት። እርስዎ ተመልሰው ዳቦውን ቆርሰው ሲያካፍሉን የሐምዛንም ድርሻ ለብቻ አስቀመጡ። ያን ቀን ማልቀሴን ማንም አላየም። እኔም ታምሜ ስተኛ ሥራዬን ሠርተው ለከፊሉ "ዳውድ ነው የተኮሰው" ይሉ ነበር። አመሰግንዎታለሁ ጋሼ። ሁላችንም እናመሰግንዎታለን።

ግን ኹሩጅዎ ነገ ያበቃል። በረራዎ ነገ ከዙሁር፣ ከቀትር ሶላት በኋላ ከጅዳ ነው፤ ሻንጣዎ ግን ባዶ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅዎት፣ "እኔ ከሄድኩ ማን ወጥቶ ይገዛላችኋል? ትንሽ ልቆይ" አሉኝ። ነገ ካለፈ እኮ ያ ወረቀት አይሠራም፤ እርስዎም እንደኛ ከመጋረጃ ኋላ ይቀመጣሉ። ይህን ሁሉ ዓመት በሕጋዊ ወረቀት ሠርተው በመጨረሻ በካቴና ሊወሰዱ ነው? ወላሂ ተናድጄብዎታለሁ። ስለምወድዎት ነው የተናደድኩት።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ እኛ ተማከርን። ነገ ከሱብሒ፣ ከንጋት ሶላት በኋላ ሦስታችንም በገዛ እግራችን ወጥተን እጃችንን እንሰጣለን። ሐሳቡን ያመጣችው ነጅማ ናት። አይነሡ ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ አልጨረስኩም። እንፈራለን፣ እንዴት አንፈራም። ግን ቁርጣችንን አውቀናል። ከነገ ጀምሮ እዚህ ክፍል ውስጥ ዳቦ የሚጠብቅ ሰው የለም። የሚቀሩለት ሰው የለዎትም።

በሉ፣ ቪምቶውን አንሡ። ብርጭቆ አናጋጭም፣ ከፍ ብቻ እናድርገው። ለጋሽ ሐሚድ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ በሰላም ያግባዎት፣ የልጅ ልጅ ያሳይዎት።

በአንድ ነገር ብቻ እናስቸግርዎታለን። ተርሒል ስንት ጊዜ እንደሚያቆየን አናውቅም፣ ባልና ሚስቱንም አብረው ይልኳቸው አይልኳቸው አናውቅም። "ትንሽ ልቆይ" ብለው የለ? እትዬ ሀፍሳ ይቅር ይበሉንና፣ ቦሌ ላይ ይቆዩልን። የሚያርፈው አውሮፕላን ሁሉ ሲራገፍ፣ ከሚወርደው ሰው መሀል ይፈልጉን።