የጃታኒ ጠርሙስ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ የነገሌ ነዋሪዎች፣ ከሊበንና ከቦሬ፣ ከያቤሎም ድረስ መንገዱ ሳይበዛባችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፤ የአቶ ወልደሰንበት ደበላን የሕይወት ታሪክ እንድታዳምጡ በትሕትና እንጠይቃለን።

አቶ ወልደሰንበት ከአባታቸው ከአቶ ደበላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅውሃ በ1917 ዓ.ም. በጉራጌ አገር በእዣ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከአጥቢያው መሪጌታ ዘንድ ገብተው ፊደል ቆጠሩ፤ ዳዊትም ደገሙ፤ ይሁን እንጂ ራሳቸው እየሳቁ እንደሚያወጉት፣ ከመዝሙሩ ይልቅ የመሪጌታውን ጠላ አረፋ ሳያፈሱ መቅዳቱ ቀድሞ ገባቸው። ሃያ ዓመት ሲሞላቸው አዲስ አበባ ወርደው በአንድ ግሪካዊ ቡና ቤት ተቀጠሩና የዕድሜ ልክ ሙያቸውን ከዚያ ተማሩ፤ ጥቁር ቢራ ብርጭቆው ዘንበል ተደርጎ በዝግታ እንደሚቀዳ፣ አረፋው እስኪረጋ እንደሚጠበቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መንገድ ያንገላታው ጠርሙስ ሦስት ቀን ሙሉ ሳያርፍ እንደማይከፈት።

በ1948 ዓ.ም. ጨው በጫነ መኪና ወደ ነገሌ መጥተው፣ ሁለት ዓመት ያህል ሸቀጥ ከነገዱ በኋላ ሁላችንም «ወልዴ ቤት» የምንለውን ቡና ቤት ከፈቱ፤ በተከታዩም ዓመት ወይዘሮ በለጡን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆችን አፈሩ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የጓሮ ክፍሎቻቸው ትርፍ ቤት ተብለው ሲወሰዱ፣ የፊት ለፊቱ ክፍል ከነባንኮኒው ስለቀረላቸው፣ ወንበር እንጂ አልጋ ለመጠጥ አያስፈልግም ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ያን ዘመን የምናስታውስ አሁን በጣት እንቆጠራለን። ቅዳሜ ከገበያ በኋላ የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ሲንጣጣ፣ ሹፌሮች የቦሬን ጭቃ ከጫማቸው እያራገፉ ሲገቡ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሻይ፣ እኛ ቢራ ይዘን በአንድ ጠረጴዛ ዳማ ስንጫወት፣ አቶ ወልደሰንበት ጥቁር ቢራ መቅዳት ሲጀምሩ ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይል ነበር። በባንኮኒው ሥር ውሃ የሚርከፈከፍበት የአሸዋ ሳጥን ነበራቸው፤ በአሸዋው ውስጥ ለቤቱ ደንበኛ ሁሉ አንዳንድ ጥቁር ቢራ ተቀብሮ ይቀመጣል፤ የማን እንደሆነም በጠርሙሱ አንገት ላይ ምልክት ይደረጋል። የሊበኑ ከብት አርቢ የአቶ ጃታኒ ምልክት ቀጭን ጠፍር ነበረች። አቶ ጃታኒ በሬ በሸጡ ቁጥር አንዲት ጠርሙስ ብቻ ጠጥተው፣ ለሚቀጥለው ገበያ ሌላ አስቀብረው ይሄዱ ነበር፤ የሁለቱም ወዳጅነት እንዲህ በአንድ ጠርሙስ ሃያ ዓመት ቆየ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ በጠና ጊዜ አቶ ጃታኒ የተረፉትን ከብቶች እየነዱ ወደ ያቤሎ በኩል ሄደው ወሬያቸው ጠፋ። ዓመት ሊሞላቸው ሲል ከዚያ የመጣ አንድ ሹፌር መሞታቸውን ተናገረ። አቶ ወልደሰንበት እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ቤቱን ዘግተው፣ ባለ ጠፍሯን ጠርሙስ ከአሸዋው አውጥተው፣ ከወይዘሮ በለጡና ከአንድ ጡረተኛ መምህር ጋር ሦስት ብርጭቆ አድርገው እያለቀሱ ጠጡላቸው። መምህሩ ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ፍስሐ ነው፤ አልጠጣሁም ብሎ እዚህ ሬሳ ፊት አይዋሽም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ አቶ ጃታኒ በትራቸውን ይዘው «አካም፣ ናጋ?» እያሉ ሰላምታ ሰጥተው ገቡና በቦታቸው ተቀምጠው ጠርሙሳቸውን ጠየቁ። አቶ ወልደሰንበት ወደ ጓዳ ገቡ፤ የሆነውን የነገሯቸው ወይዘሮ በለጡ ነበሩ። አቶ ጃታኒ እንባቸው እስኪወርድ ከሳቁ በኋላ፣ «ስትጠጡ አለቀሳችሁ?» ሲሉ ጠየቁ። እንዳለቀስን ስንነግራቸው፣ «እንግዲያው ጥሩ ጠጥታችኋል» አሉን።

አቶ ጃታኒ ይቅር ቢሉም አቶ ወልደሰንበት ራሳቸውን ይቅር አላሉም። ጠፍሯን ከባንኮኒው በላይ ምስማር ላይ ሰቅለው፣ የሕያውን ሰው ድርሻ ሳልመልስ እንዳልሞት ይሉ ጀመር። በዚያን ጊዜ ግን ቢራ በኮታ ሆኖ፣ ጥቁሩ ከነጭራሹ ነገሌ መድረሱን አቁሞ ነበር። ከተማ የገባ ሹፌር ሁሉ ከሰላምታ በፊት ስለ ጥቁር ቢራ ስለሚጠየቅ፣ ሹፌሮቹ ገና ከሩቅ «የለም» እያሉ እጃቸውን ያወዛውዙላቸው ነበር። የአቶ ወልደሰንበት ጉልበት እየደከመ፣ ዓይናቸውም እየፈዘዘ መጣ፤ የስኳር በሽታ ጸንቶባቸውም ሐኪም መጠጥ ከለከላቸው፤ እርሳቸው ግን ለሌላው እየቀዱ አረፋውን ማሽተት የከለከለኝ የለም እያሉ በየቀኑ ከባንኮኒው አይጠፉም ነበር።

ያለፈው ረቡዕ ጥር 16 ቀን ልጃቸው ወይዘሮ አመለወርቅ አባቷን ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ ስትመጣ፣ ባገኘችበት ዋጋ የገዛቻትን አንዲት ጥቁር ቢራ በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣች። አቶ ወልደሰንበት ከአልጋቸው ቀና ብለው ጠፍሯን በጠርሙሱ አንገት ላይ በእጃቸው አሰሩ፤ ወደ ሊበንም መልእክት ላኩ። አቶ ጃታኒ ሐሙስ ጠዋት ደረሱ። የአባቷን መድከም ያየችው አመለወርቅ አሁኑኑ ይከፈት ብላ ብትለምንም፣ አቶ ወልደሰንበት «መንገደኛ ነው፤ ይረፍ። ጃታኒ አምስት ዓመት ጠብቆ ሁለት ቀን አያቅተውም» ብለው እንቢ አሉ። አቶ ጃታኒም ተስማሙ፤ ሁለቱ ሽማግሎች ቀኑን ሙሉ ያለፈውን ሲያወጉ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ዋሉ።

ዓርብ ጥር 18 ቀን 1982 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ አቶ ጃታኒ ለጥቂት ጊዜ ወደ ገበያ ወጣ ባሉበት፣ አቶ ወልደሰንበት በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። መርዶው ሲነገራቸው አቶ ጃታኒ አላመኑም። «እኔም ሞቷል ተብዬ ነበር» ብለው ገብተው፣ እጃቸውን በወዳጃቸው ደረት ላይ አድርገው ብዙ ከቆዩ በኋላ ነው ያለቀሱት።

አቶ ወልደሰንበት ባለቤታቸውን ወይዘሮ በለጡን፣ ሦስት ልጆችንና ሰባት የልጅ ልጆችን፣ ቁጥር የሌለው ደንበኛ፣ እንዲሁም አቶ ጃታኒን ትተው አልፈዋል። ጠርሙሱ ዛሬ ቅዳሜ ሦስት ቀኑን ስለሞላ፣ ከቀብር መልስ በወልዴ ቤት በአቶ ጃታኒ እጅ ይከፈታል። አቶ ጃታኒ አንዲት ብርጭቆ ተቀድታ በወልዴ ቦታ ትቀመጥ፣ ማንም እንዳይነካት ብለዋል፤ ሞቷል የተባለ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ድርሻውን ማጣት እንዴት እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ ብለዋል።

መንገድ ያደከመውን ሁሉ በቤታቸው ላሳረፉት ለአቶ ወልደሰንበት፣ እግዚአብሔር በአብርሃም አጠገብ ማረፊያ ይስጥልን፤ ለቤተሰባቸውና ለወዳጃቸው መጽናናትን ያድልልን። አሜን።