የዘንገና ቁልቁለት ላይ የቀደመኝ ፈረስ

ብስክሌት ላይ ሆኜ የሚቀድመኝ ሲመጣ ደሜ ይፈላል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ደሜ ቀዘቀዘ። ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ እየነዳሁ ነው፤ ዘንገና አካባቢ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ቁልቁለቱን እንደጀመርሁ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ፔዳሉን ረገጥ ሳደርግ ኮቴውም ፈጠነ። ዞር ብል ግንባረ ቦቃ ጥቁር ፈረስ፣ ሙሉ ጌጡን እንደለበሰ ደርሶብኛል፤ ኮርቻው ላይ ግን ሰው የለም! ትንፋሹ ጆሮዬን አሙቆኝ አለፈና ጉሙ ውስጥ ገባ።

ቁልቁለቱን ስጨርስ ከመንገዱ ዳር ለቅሶ አገኘሁ። እንደ አገሩ ወግ የሟቹን ፈረስ አስጊጠው አልቃሹ መሀል አቁመውታል። ያው ግንባረ ቦቃ ነው! ከብስክሌቴ ወርጄ ልጓሙን ወደያዙት ሽማግሌ ተጠጋሁ።

«አባቴ፣ ይኼ ፈረስ አሁን በዚህ ቁልቁለት አልወረደም?»

«ኧረ ልጄ፣ ከማለዳ ጀምሮ ከእጄ አልወጣም።»

ያየሁትን ነገርኋቸው። ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ወንድሜ በቁሙ እዚያ ቁልቁለት ላይ ማንም ቀድሞት አያውቅም» አሉኝ።

የፈረሱን አንገት ዳበስሁት። እጄ በላብ ርሶ ተመለሰ።