የአራስ ጎጆዋ ጎብኚዎች

አፉላ ውስጥ ከጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ወደ መሀል ከተማ በሚወርደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ነበር። አንደኛዋ ከጎንደር ጉብኝት ከተመለሰች ገና ሳምንቷ ነው።

«እንዴት ነበር ቲዩሉ፣ ጉዞው? ተዝናናሽ?» አለቻት ጓደኛዋ።

«መዝናናት ትያለሽ። ድሮ ሰው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ካልሆነ ከአገሩ አይወጣም ነበር። አሁን ጥለነው የመጣነውን የአይሁድ መንደራችንን ለማየት በአውቶቡስ ይጎርፋሉ።»

«ቢያዩት ምን አለበት?»

«የአራስ ጎጆዋን መልሰው ሠርተዋታል። እናቴ እኔን ወልዳ ሰማንያ ቀን ለብቻዋ ተለይታ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ። ዙሪያዋን የከበበው ድንጋይ የጥንቱ ነው።»

«ደግ አደረጉ።»

«አስጎብኚው ወንዶቹን ሁሉ ይዞ ገባ እኮ። እየተጋፉ ፎቶ ይነሳሉ። አባቴ እንኳ ያንን ድንጋይ አልፎ አያውቅም።»

«አንቺ ደግሞ ዝም አትይም።»

«እዚህ ወንድ አይገባም አልኩት። ‹እማማ፣ ማብራሪያውን አያቋርጡ› አለኝ። እዚያው በተወለድኩበት ቦታ።»

«እኔ እኮ የሚያስቀኝ ወሬ ይዘሽ ትመጫለሽ ብዬ ነበር። ተይው፣ እሱ ምን ያውቃል?»

«እሱስ ይሁን፣ ባዳ ነው። የኛ ልጆችም አብረው ገቡ፤ ከዚሁ ከአፉላ የሄዱት። እየሳቁ።»

«አልተነገራቸው ይሆናላ።»

«ማን ይንገራቸው? እናቶቻቸው አፍ የላቸውም?»

ቤቴ ስገባ፣ ልጄ ባለፈው ዓመት እዚያችው ጎጆ ውስጥ እየሳቀ የተነሳውን ፎቶ ከግድግዳው ላይ አወረድኩት።