ከደረቀው ዝግባ ሥር ያለው ወንበር

ሕፃን ሳሉ አዝዬ ያሳደግኋቸውን፣ ሲያጠፉም የቆነጠጥኋቸውን ታናሽ እህቴን ዛሬ በቀብራቸው ላይ እንደ ወጉ በአንቱታ ላነሣ ቆሜያለሁ፤ ቢሰሙኝ በሳቅ ፍርስ ይሉ ነበር።

እህቴ ከእንጨት ነጋዴው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ጉም ከማይለየው ተራራ ግርጌ ተወልደው፣ ትምህርታቸውን በዚያው ጀምረው በመምህራን ማሠልጠኛ ካጠናቀቁ በኋላ፣ ጡረታ እስከወጡ ድረስ የሥነ ሕይወት መምህርት ሆነው አገልግለዋል። ከአናጢው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ልባቸውን የወሰደው ግን አናጢው ብቻ አልነበረም፤ ከተራራው አናት፣ ደመና በሚያርፍበት ደን ውስጥ የሚኖረው፣ ግንባሩ ቀይ ገላው አረንጓዴ በቀቀን ጭምር እንጂ።

ይህ ወፍ፣ እህቴ ሰው ባገኙበት ሁሉ፣ ለቅሶ ላይ ሳይቀር ሲያስረዱ እንደኖሩት፣ የዝግባን ፍሬ ከነጠንካራ አስኳሉ ሰብሮ የሚበላ፣ ጉሙ ሳይገለጥ ማልዶ የሚጮኽ፣ ጎጆ መሥራት ግን የማያውቅ ነው፤ የሚፈለፍለው ያረጀና የደረቀ ዛፍ ጎሬ ውስጥ ሲሆን፣ እናቲቱ ዕንቁላሏን ታቅፋ ስትሰነብት አባትየው እየተመላለሰ ያጎርሳታል።

ያረጁት ዛፎች እየተቆረጡ ሲመናመኑ፣ ባለቤታቸው ለወፎቹ መፈልፈያ ሳጥን ሠርተው ሰቀሉ። ምን ያደርጋል፣ እጃቸው የተባረከ አናጢ ናቸውና ውስጡን ሳይቀር በመላጊያ አለስልሰውት ኖሮ፣ ጫጩቶቹ ጥፍራቸው የሚይዘው አጥተው መውጣት አቃታቸው፤ እህቴ መሰላል ላይ ወጥተው ባያወጧቸው ኖሮ አልቀው ነበር። ያን ቀን ባለቤታቸውን ምን እንዳሏቸው እዚህ አይነበብም። አናጢውም ውስጡን በመሮ ቦጫጭረው ደግመው ሠሩት፤ በቀቀኖቹ ግን አንዴ ተቀይመዋልና መንገድ ዳር ወደቆመው የደረቀ ትልቅ ዝግባ ተመለሱ።

ጠብ ያመጣውም ያ ዝግባ ነው። መንገድ የሚያሰፋው ጽሕፈት ቤት፣ የደረቀ ግንድ ለማንም አይጠቅምም ብሎ ሊቆርጠው ሲመጣ፣ እህቴ ወንበራቸውን አውጥተው ከሥሩ ተቀመጡ፤ ሳንባቸው ከታመመ በኋላም ብርድ ልብስ ተከናንበው ከዚያ አልጠፉም። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ እነሆ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ሴትዮዋ እስኪሞቱ ጠብቁ ብለው ሠራተኞቻቸውን ማዘዛቸውን ሰምተናል። ይኸው፣ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ትናንት ሞቱ። እንኳን ለዚህ አበቃዎት፣ ጌታዬ!

እህቴ ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እኔን ታላቅ እህታቸውን፣ ደግሞም በዝግባው ጎሬ ውስጥ ገና ላባ ያላወጡ ጫጩቶችን ትተዋል። ወንበሩ ካለበት አልተነሣም፤ ከዚህ ስመለስ የምቀመጥበት እኔ ነኝ። ኃላፊው የእኔንም ሞት እንጠብቅ ካሉ መብታቸው ነው፤ እኔ ግን ለመሞት ምንም አልቸኩልም፤ ከእኔም በኋላ የእህቴ ልጅ አለች።

ፈጣሪ የእህቴን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ፤ ያ ዝግባ በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ድረስ ግን እኛን አያሳርፈን።