ከብረቱ ውስጥ የሚያንኳኳው

የዕለቱን የአየር ጠባይ ለአብራሪዎቹ ላደርስ ስሄድ ውርጩ ፊቴን ቢገርፈኝ ወደ ሄሊኮፕተሮቹ መጠለያ፣ ወደ ሃንጋሩ ጎራ አልኩ። እዚህ በሩሲያ ሰሜን ጫፍ፣ በያማል ክረምት ፀሐይ ለወጉ ብቅ ብላ ትመለሳለች፤ ቀትር ቢሆንም ደጁ ጨልሟል። ሽማግሌው ዋና መካኒክ ፕሮሆር ኤሊሴይች ከከተማ ከመጣችው ወጣት መሐንዲስ ከታይሲያ ጋር በአንዲት ሄሊኮፕተር ሥር ቆመው ይከራከራሉ። ታይሲያ የንዝረት መቅጃ ሳጥን አቅፋለች። ሄሊኮፕተሯን ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚያበርራት የሽማግሌው ልጅ ግሌብ ነው።

«ካምቢዮው ሳይፈታ መነሣት የለባትም» አለች ታይሲያ። «አንዱ የማርሽ ጥርስ ሊሰበር...»

«አፍሽን ዝጊ ልጄ! ከበረራ በፊት የስብራትና የሞት ስም አይነሣም። ስሙን ከጠሩት ይመጣል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስሙን ካልጠሩት ይቀራል?»

«ሠላሳ ዓመት ቀርቶልኛል።»

«ለሁሉም ሰው?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሄሊኮፕተሯ አዞሩ። እኛ ዘንድ በርሮ ያልተመለሰ ሰው ሞተ አይባልም፤ «ዘገየ» ነው የሚባለው። የዘገዩት ብዙ ናቸው።

«ትናንት ስታርፍ ሰምቻታለሁ» አሉ። «እንደ ጠገበች ድመት ነው የምታንኮራፋው። ይኼ ሳጥንሽ ከእኔ ጆሮ ሊበልጥ ነው?»

«አይበልጥም። እርስዎ ግን የሚሰሙት ሁሉንም ድምፅ ባንድ ላይ ነው። መሣሪያው የትናንቱን ንዝረት ቀድቷል። የሞተሩንና የክንፉን ጩኸት ከውስጡ አስወገድኩ፤ የዚያ ማርሽ ድምፅ ብቻ ቀረ። ይስሙት።»

ሄሊኮፕተሯ ፊታችን ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ሞተሯ ጠፍቶ ቀዝቅዟል። ከሳጥኑ ድምፅ ማጉያ ግን ቋ... ቋ... ቋ... የሚል ድምፅ መጣ፣ ሳይቸኩል፣ ሳያዛንፍ። አንድ ሰው ከብረቱ ውስጥ ሆኖ ክፈቱልኝ የሚል ይመስላል። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ሽማግሌው ጓንታቸውን አውልቀው እጃቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ፤ ቀና ብለውም በሩን አዩ። ማንም የለም።

«ማነው?» አሉ በሹክሹክታ።

«ማንም አይደለም። ማርሹ በዞረ ቁጥር የታመመው ጥርስ ሲመታ ነው። ዛሬ ያንኳኳል። የተሰበረ ለት አያንኳኳም።»

ሽማግሌው መፍቻ አነሡ። የካምቢዮው ክዳን ሲከፈት ከአንዱ ጥርስ ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ተገኘች። በጥፍራቸው እየዳሰሷት ብዙ ቆዩ። ካምቢዮ ቀድሞ መፍታት የጥቂት ቀን በረራ ያስቀራል፤ ሳይፈቱት መነሣት ግን ሃያ ተሳፋሪ ያስቀራል። ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ግሌብ የራስ ቁሩን ይዞ ገባ። «አባዬ፣ ተሳፋሪው ተሰብስቧል እኮ፣ ምን ሆናችሁ?»

«የማርሹ ጥርስ ተሰንጥቋል። ብትነሣ ኖሮ ወድቀህ ትሞት ነበር።»

ግሌብ ደንግጦ፣ ክፉው እንዳይመጣ በግራ ትከሻው በኩል ሦስቴ እንትፍ አለ። «ምነው አባዬ! አንተም ትጠራዋለህ?»

«እጠራዋለሁ!» አሉ ሽማግሌው። «እየፈራን ዝም ስንል ነው ሰው የጨረስነው። ና፣ እጅህን አምጣ፣ ዳስሰው።»

ግሌብ ጣቱን ስንጥቁ ላይ አኖረና ወዲያው ሰበሰበው። ሽማግሌው በሃንጋሩ ጨለማ ውስጥ ወደተደረደሩት ሌሎች ሄሊኮፕተሮች ዞሩ።

«የእነዚህንም አሰሚኝ» አሏት ታይሲያን፤ «የሁሉንም።»