በውድነሽ ስም

(በዐቢይ ጾም አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፤ ደንበኛ በራቀው የጾም ኬክ ቤት ውስጥ ባለቤቲቱ ውድነሽና ከመንገዱ ማዶ ኬክ ቤት ያላቸው የቀድሞ አሠሪዋ ጋሽ ላቀው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።)

ጋሽ ላቀው፦ እንደሱ አትበዪ። ልጅ ሆኜ አባቴ ከአንድ ሽማግሌ ጋር አጥር ጥግ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። «የሰውን ነውር የሸፈነ፣ የራሱ ይሸፈንለታል» ያሉ ይመስለኛል። ሽማግሌው የመለሱትን ረስቼዋለሁ። አንቺም ሸፍኝልኝ።

ውድነሽ፦ የረሱት የማይመችዎትን ይሆናል፣ ጋሼ።

ጋሽ ላቀው፦ ይሆናል። ብቻ ያንን የፌስቡክ ገጽ ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ። እንዳልነበረ ይሆናል።

ውድነሽ፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ ነበረ እንጂ። በስሜ፣ በሱቄ ፎቶ፤ ሌላ ፎቶ ላይ የእንቁላል ካርቶን ተደርድሮ «የጾም ኬካችን የሚለሰልስበት ምስጢር» ተብሎ። ያየ ሁሉ እኔ የጻፍኩት ነው የሚመስለው።

ጋሽ ላቀው፦ እኔ መሆኔን በምን አወቅሽ?

ውድነሽ፦ ከካርቶኑ ኋላ የእርስዎ ማቡኪያ ማሽን ይታያል። እጀታው ላይ ያለውን ቀይ ጨርቅ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ መዳፍዎን ሲልጥዎት ጊዜ።

ጋሽ ላቀው፦ እሱንስ አላስተዋልኩም... ጾም በገባ ቁጥር ሰው ሁሉ ወዳንቺ ሲሻገር በመስታወቴ አያለሁ። ሙያውን ያስተማርኳት ልጅ! ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ውድነሽ፦ ቅናቱን እችለው ነበር። ለፖሊስም አልነገርኩም። ግን እትዬ ጌጤነሽን ያውቋቸዋል?

ጋሽ ላቀው፦ ደጀ ሰላም ጧፍ የሚሸጡትን? ደንበኛቸው ነኝ።

ውድነሽ፦ በየሳምንቱ አንድ ቁራጭ ኬክ እሰጣቸው ነበር። የልጅ ልጃቸው ያንን ገጽ አነበበችላቸው። ጾም ሽሬያለሁ ብለው ተናዘዙ፤ ቀኖና ተቀበሉ። በዚያ ጉልበታቸው በቀን አርባ ስግደት።

ጋሽ ላቀው፦ እንቁላል አልነበረበትማ!

ውድነሽ፦ ይህን እኔና እርስዎ እናውቃለን። ሄጄ ነገርኳቸው። «ባትዋሺ ይሻልሽ ነበር፣ ልጄ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ጋሽ ላቀው፦ እኔ እኮ ገበያሽን ነው ያልኩት። የአሮጊት ጉልበት መች አልኩ?

ውድነሽ፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ጋሽ ላቀው፦ እሺ፣ እዚያው ገጽ ላይ «ውሸት ነበር» ብዬ እጽፋለሁ።

ውድነሽ፦ ገጹ የእኔ የሚመስለው ሰው «ውድነሽ ፈርታ ካደች» ነው የሚለው።

ጋሽ ላቀው፦ በሌላ ስም ብጽፍስ?

ውድነሽ፦ አሁንም በሌላ ስም?

ጋሽ ላቀው፦ ... በራሴ ስም እሺ።

ውድነሽ፦ እትዬ ጌጤነሽ ስልክ የላቸውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ቆመው ይናገሩ። ሁሉም እዚያ ነው ያለው።

ጋሽ ላቀው፦ ሰንበቴው ላይ? የማኅበሩ ሙሴ እኮ እኔ ነኝ! ማኅበርተኛው ሲጣላ የማስታርቀው እኔ፣ ያልታረቀ ጽዋ አይቀምስም የምለው እኔ።

ውድነሽ፦ ለዚያ ነው የሚያምኑዎት።

ጋሽ ላቀው፦ ሙሴነቱን ይነሡኛል። በየት በኩል ቀና ብዬ እሄዳለሁ?

ውድነሽ፦ ይነሡዎት ይሆናል። እኔ አላስገድድዎትም፤ እንጀራ ያበሉኝ ሰው ነዎት። አልናገርም ካሉ እኔም አልናገርም። ሱቄን ዘግቼ ሌላ ሰፈር እሞክራለሁ። እሳቸው ግን ይሰግዳሉ።

ጋሽ ላቀው፦ መቼ ነው የሚሰግዱት?

ውድነሽ፦ ከጧፍ ሽያጭ ሲመለሱ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም። ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚነሡት።

ጋሽ ላቀው፦ ሰንበቴው ላይ እቆማለሁ፤ እንዳልሽው በአፌ እናገራለሁ። ለእሳቸው ግን እሑድ ሩቅ ነው። ተነሺ፣ ቤታቸውን አሳዪኝ፤ የዛሬውን ሳይጀምሩ ልድረስ።